ስለ ኃይለኛ ውሻ አያያዝና ስለ ባለቤቱ ኃላፊነት

ስለ ፍየል መኖ የጀመርነው ከሰዓት ይቀጥላል፤ ጠዋቱን ስለ ውሻ እንነጋገር።

ዋግ ላይ ፍየልና በግ ያለው ሰው ያለ ውሻ አያድርም። ጅብ በረቱን ሲዞር ቀድሞ የሚሰማው ውሻው ነው። ስለዚህ ውሻ አታሳድጉ ልል አልመጣሁም። ግን ሌሊት ያመሰገንነው ውሻ ቀን የጎረቤት ልጅ ሲነክስ «እሷስ ለምን በዚያ አለፈች?» እንላለን። መንገዱ የሷም ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆን እንኳ።

አንዳንድ ወጣቶች የፈረንጅ ውሻ ድቅል ከከተማ ያመጡና «ዘሩ ኃይለኛ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ትልቅና ጉልበተኛ ውሻ ሲነክስ ጉዳቱ ይከፋል። ተናካሽነቱ ግን በአብዛኛው ከአስተዳደጉ ነው። ቡችላ ከሦስተኛ ሳምንቱ እስከ ሦስት ወር ገደማ ያየውን ሰው፣ ሕፃንና ከብት ይለምዳል። ያን ጊዜ ጨለማ ቤት ዘግተን በዱላ እያስቆጣን ካሳደግነው፣ ሲያድግ ሌባና እንግዳ አይለይም። ቀንም ሌትም ታስሮ የሚኖርም እንደዚያው ነው። ቀን ከመንገድ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጥላና ውሃ ባለበት፣ ረዘም ባለ ሰንሰለት እሰሩት፤ ማታ በሩን ዘግታችሁ ግቢ ውስጥ ፍቱት። ካቡ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካቡን ከፍ አድርጉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ በለሃጭ ይተላለፋል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ስለሚወስድ ያታልላል። በሥራ ዘመኔ አንድ አባት ቁስሉ ደርቋል ብሎ ልጁን ቤት አስቀረው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ውሃ መዋጥ አቃተው። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም ክትባት እስከ መጨረሻው ይከተብ። ጠበል አትሂዱ አልልም፤ ክትባቱ ግን ይቅደም። ውሻውን፣ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ፣ አትግደሉት፤ 10 ቀን ተከታተሉት። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን ቁጭ ብሎ አይጠብቅ።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ። ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ስንት ውሻ እንዳላችሁ ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስመዝግቡ። ለክትባት ስታመጡትም አፉን በጨርቅ አስራችሁ አምጡት፤ ባለሙያውም ልጆች አሉት።