ቅጽል ስም ያወጣንላቸው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «የሒሳብ ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ሰው የሚያስቅ ነገር ተናገሩ» ብሎናል። የሒሳብ ሠራተኛ «አስቂኝ» ተብላ ስትጋበዝ፣ ወይ ሪፖርቱ በጣም አሰልችቷል፣ ወይ ምሳው አልደረሰም ማለት ነው። ለማንኛውም ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን እናጫውታችኋለን። የማንንም ስም አንጠራም። ቅጽል ስማቸውን ግን አንደብቅም፤ ያወጣነው እኛው ነን።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ብርሃን 9ኛ ክፍል ገብተን፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጥን ልጃገረዶች። ዴስኩ የተሠራው ለሁለት ሰው ነበር። ክፍሉ 74 ተማሪ ስለነበረው ለሦስት ሆንበት። የከተማችንን የጥቅምት ብርድ የምታውቁ ትረዱናላችሁ፤ መሐል የተቀመጠችው ስለሚሞቃት በየቀኑ ተራ እንጠብቅ ነበር።

አንዷ «አንቴና» ትባል ነበር፤ በቁመቷ። አንዷ «ሳንቲም» ነበረች። የክፍሉን መዋጮ የምትሰበስብ እሷ ናት፤ 25 ሳንቲም የጎደለበትን ልጅ እስከ ሽንት ቤት በር ድረስ ትከተለዋለች። ሦስተኛዋ «ፎቶኮፒ» ነበረች። ከሦስታችን ዛሬ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው የትኛዋ እንደሆነች፣ ወርኃዊ ቁጠባ ያሳለፋችሁ አባላት ያለ እኛ እርዳታ ታውቃላችሁ።

ፎቶኮፒን ለመረዳት ስለ ፕላዝማ መናገር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ፕላዝማ ገና አዲስ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በማናውቀው አነጋገር፣ ከስክሪኑ ውስጥ ያስተምረናል። ጥያቄ ይሰጥና «ሥሩ» ይላል። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ጊዜው ያልቅና «ዌል ደን! ቬሪ ጉድ!» ይለናል። በሕይወታችን ምንም ሳንሠራ እንደዚያ የተመሰገንበት ዘመን የለም።

ፎቶኮፒ ታዲያ ፕላዝማው ያለውን ሁሉ ትጽፋለች። ደብተሯ በ«ሄሎ ስቱደንትስ» ይጀምርና በ«ጉድ ባይ» ያልቃል። በኒውተን ሁለተኛና ሦስተኛ ሕግ መካከል «መብራት ጠፋ» የሚል መስመር አለ። ሳቅንባት። ማትሪክ ሲደርስ ግን ግማሹ ክፍል ያጠናው ከዚያው ደብተር ነበር፤ «መብራት ጠፋ» የሚለውንም ሕግ መስሏቸው የሸመደዱ አልጠፉም።

የክፍሉ አለቃ «ጠቅላይ» ይባላል። መምህር በሌለበት የሚያወሩትን ልጆች ስም ይመዘግባል። ዋጋው የታወቀ ነበር፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ያቀመሰው ስሙ አይጻፍም፣ የተጻፈበትም ሁለት እፍኝ ከሰጠ ይሰረዛል። አሁን ትራፊክ ፖሊስ ሆኗል ሲሉን አንዳችንም አልደነገጥንም።

ከመምህራኖቻችን «ቀይ እስክሪብቶ»ን እናስቀድም። አማርኛ ያስተማሩን እትዬ ናቸው። ፊደል የተሳሳተ ነገር አይተው ማለፍ አይችሉም። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ቀርቶ «ከአባቴ ነው» ብሎ የፈቃድ ደብዳቤ አመጣላቸው። ቆመው አነበቡት፤ ስሕተቱን አንድ በአንድ በቀይ አረሙና ከ10 ስድስት ሰጥተው መለሱለት። ከግርጌው «አባትህ ካለፈው ድርሰትህ ተሻሽለዋል» የሚል ጽፈውበታል። ሳንቲም በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝን የለመደችው ከእሳቸው ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ዩኒት ሊደራችንን «ሰዓት እላፊ» ብለናቸው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ ይቆማሉ። ሰዓታቸው 10 ደቂቃ ስለሚቀድም በጊዜ የደረሰ ተማሪ አጋጥሟቸው አያውቅም። ለሁሉም ጥፋት አንድ መድኃኒት ነበራቸው፤ «ወላጅ ይዘሽ ነይ!»

ፊዚክስ መምህራችን ደግሞ «ሪሞት» ነበሩ። ፕላዝማ ከመምጣቱ በፊት ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ ይባላል። እኛ ስንደርስ ሥራቸው ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው የብረት ሳጥኑን መክፈት፣ ቴሌቪዥኑን ማብራትና ጥግ መቆም ሆኖ ነበር። እንዳንረብሽ ያዩናል፤ ፕላዝማው «ዌል ደን» ሲል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። መብራት የጠፋ ዕለት ግን ሌላ ሰው ናቸው። በዚያ ብርድ ኮታቸውን ያወልቁና እጅጌያቸውን ሰብስበው በገመድና በድንጋይ፣ በባልዲና በውኃ ያስተምሩናል። ለመማር ብለው መብራት እንዲጠፋ የጸለዩ ተማሪዎች ከእኛ ክፍል ሌላ የትም የነበሩ አይመስለንም።

አሁን «ካቲካላ» ወደምንላት ልጅ መጣን።

ከኋላችን ዴስክ ትቀመጥ ነበር። ዝምተኛ ናት፤ ትተኛለች። ፕላዝማው «ዌል ደን» ሲል ብን ብላ ትነቃና «አቤት!» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሹራቧ ሁልጊዜ ጭስና አረቄ ይሸታል፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። በ10ኛ ክፍል፣ በ1998 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ሰዓት እላፊ ክፍል ገብተው በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም አሉና አሸተቱ። «ጠጥተሻል እንዴ አንቺ?» አሏት። 73 ተማሪ ሳቀ። እኛም ሳቅን። «ወላጅ ይዘሽ ነይ!» አሏት። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም።

ያን ሰሞን አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ሪሞት ኮታቸውን አወለቁና ስለ እንፋሎት ሊያስተምሩን «አረቄ ሲወጣ ዐይታችኋል?» አሉ። ድፍድፉ በጋን ሲፈላ እንፋሎቱ በቱቦ እንደሚሄድ፣ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ እንደሚል በጠመኔ ሣሉልን። «ዙሪያው ያለው ውኃ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል?» ሲሉ የመለሰ የለም። ከኋላችን ወዳለው ባዶ ቦታ ተመለከቱና «ይህን የምታውቅ ተማሪ ነበረችን» አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ዓመቱ ሲያልቅ ሳንቲም የመዋጮ ደብተሩን አወራረደች። በካቲካላ ስም ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አሰመረችና ከጎኑ «ያቋረጠች» ብላ ጻፈች። ሒሳቡ በሳንቲም አልተዛነፈም። ለስላሳ ጠጣን፣ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ማትሪክ መጣ፤ እኛም 10+3 ገብተን ዲፕሎማችንን ይዘን ወጣን።

ብዙ ዓመት አለፈ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ለብድር ወደዚህ ቢሮ መጣች። እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች ታስረክባለች፤ ሁለተኛ ምጣድ መግዛት ፈልጋለች። ቅጹን እየሞላን «የትምህርት ደረጃ?» ብለን ጠየቅናት። ቀና ብላ አየችንና «ሳንቲም! የእኔን የትምህርት ደረጃ ካንቺ ደብተር ላይ ብታይው አይሻልም?» አለች። እኛ አልለየናትም ነበር። እሷ በመጀመሪያው ዐይን ለይታናለች።

ሻይ አፍልተን ተቀመጥን። እናቷ አረቄ እያወጡ ነበር ያሳደጓት። ያን ዓመት እናቷ ታመሙ፤ እሳቱም ውኃውም በእሷ ላይ ወደቀ። ድፍድፉ የሚፈላው ሌሊት ስለሆነ ውኃውን ስትቀይር ታድርና ጠዋት እኛ ዘንድ መጥታ ትተኛለች። ለጥምቀት ደግሞ አረቄ ፈላጊው ስለሚበዛ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም ነበር። ወላጅ አምጪ ስትባል ያሉዋት ወላጅ ከአልጋ የማይነሡት እናቷ ብቻ ነበሩ።

«ከትምህርት ቤት ማንም አልመጣም?» አልናት። «አንድ ሰው መጣ» አለች። ሪሞት ነበሩ። በአንድ ማታ ጠይቀው ቤቱን አገኙት። እሳቱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው «የእኔ ልጅ፣ እኛ በፕላዝማ የምናየውን አንቺ በእጅሽ ነው የምትሠሪው» አሏት። እንድትመለስ ለመኗት፤ ሰዓት እላፊንም ራሳቸው እንደሚያናግሩላት ነገሯት። እናቷን ትታ ግን መምጣት አልቻለችም።

ከዚያ ሻይዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለችን፦ «ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በእግር 15 ደቂቃ ነበር። እናንተ ከፊቴ ነበር የምትቀመጡት። ስም ከምታወጡልኝ አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነው ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። ልጆች ነበርን ማለት እንችላለን፤ እሷም ልጅ ነበረች።

እህቶቻችን፣ ይህን የምንነግራችሁ ልናስለቅሳችሁ አይደለም። ማኅበራችን ለተማሪ ልጃገረዶች ደብተር፣ ዩኒፎርምና የንጽሕና መጠበቂያ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። የተረጂዎቹን መዝገብ የምንይዘውም እኛው ነን። አንዲት ልጅ ሁለት ወር ካልመጣች ስሟን ሰርዘን «ያቋረጠች» እንል ነበር፤ እንደ ድሮው በቀይ፣ በማስመሪያ። ከዚያ ሻይ በኋላ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረብንና ጸደቀ። ሁለት አባላት ቤቷ ድረስ ሄደው ሳይጠይቁ የማንም ልጅ ስም አይሰረዝም።

በዚህ ዓመት አራት ልጆች ቀርተውብን ነበር። አራቱም ቤት ተሄደ። አንዷ ከቤተሰቧ ጋር ከተማ ቀይራለች። አንዷ ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ አሠሪዋን አነጋግረን በማታው ክፍለ ጊዜ እየተማረች ነው። አንዷ አያቷን ታስታምም ነበር፤ ጎረቤቶቹ የእኛው አባላት ሆነው ስለተገኙ ተራ ገቡላትና ተመለሰች። አራተኛዋን እስካሁን መመለስ አልቻልንም። ስሟ ግን አልተሰረዘም፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ይኬዳል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ «የቤት ለቤት ጉብኝት» የሚል አንዲት ትንሽ መስመር አስገብተናል፤ የሻይና የባጃጅ ናት። ስለ ደረሰኝ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም።

አባላት ደግሞ ከእናንተ የምንፈልገው እግራችሁን ነው። ጉብኝቱን የምንሄደው ሰባት ሰዎች ብቻ ነን፤ ቢያንስ ሃያ ብንሆን ለአንዷ በወር አንድ ቀን ይበቃል። ስም መዝጋቢዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ቆሎ አትቀበልም።

በመጨረሻ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሳንቲም ያንን የመዋጮ ደብተር እስከ ዛሬ አልጣለችውም። ባለፈው ወር ለካቲካላ አሳየናት። ዛሬ እዚህ መካከላችን አለች፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው አስፈቅደናት ነው። ስሟ ላይ ያለውን ቀይ መስመር በጣቷ ዳሰሰችና ወደ ጎን ተመለከተች። ከመቅረቷ በፊት 3 ብር ከፍላ ነበር። ለስላሳውን አልጠጣችም፣ ፎቶውንም አልተነሣችም፣ ገንዘቧም አልተመለሰላትም። በሳንቲም አልተዛነፈም ያልነው ሒሳብ ለካ የ3 ብር ዕዳ ነበረበት።

ሳንቲም ደንግጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ካቲካላ እጇን ያዘቻት። «ተይው» አለች። «ከነወለዱ በእግራችሁ ትከፍሉታላችሁ።»

እየከፈልን ነው።