የቅስቀሳ ገንዘብም አማና ነው
በሎንደን ለአማርኛ ተናጋሪ ጀማዓ የተደረገ ንግግር

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 



ምርጫ ሲቃረብ «እኛ ፓርቲ አይደለንም፣ ዕጩም አላቀረብንም፤ በራሪ ወረቀት ብናሳትም፣ አዳራሽ ብንከራይ ማን ይጠይቀናል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በምንኖርባት ብሪታንያ ሕጉ ይጠይቃል። የሚጠይቀውም አፋችንን ለመዝጋት ሳይሆን የባለጸጋው ገንዘብ የድሃውን ድምፅ እንዳይውጠው ነው።

መጀመሪያ ወጪውን እንይ። መራጩን ወደ አንድ ፓርቲ ወይም ወደ አንድ ወገን ዕጩዎች ለመሳብ በሚደረግ ቅስቀሳ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ቡድን ለምርጫ ኮሚሽን ማሳወቅ አለበት። በእንግሊዝ ከ20,000 ካለፈ የወጪና የገቢ ሪፖርት ያቀርባል። በአንድ የምርጫ ክልል ለአንድ የፓርላማ ዕጩ ብቻ የሚቀሰቅስ ደግሞ ከ700 ፓውንድ ማለፍ አይችልም። ለጠቅላላ ምርጫ የሚቆጠረው ጊዜ 12 ወር ነው። የ2024ቱ ምርጫ የተጠራው በሜይ 22 ሲሆን የተካሄደው በጁላይ 4 ነበር፤ ወጪው ግን ከጁላይ 2023 መጀመሪያ አንስቶ ተቆጥሯል። ስለዚህ ደረሰኝ መያዝ የሚጀመረው ምርጫው ሲታወጅ ሳይሆን ዛሬ ነው።

ሁለተኛው ስጦታው ነው። የተመዘገበ ቡድን ለቅስቀሳ ከ500 ፓውንድ በላይ ሲሰጠው ሰጪውን ማጣራት ግዴታው ነው። ሰጪው ግለሰብ ከሆነ ስሙ በብሪታንያ የመራጮች መዝገብ ላይ መኖር አለበት፤ ከሌለ ገንዘቡ በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ በእንግሊዝ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የብሪታንያ ዜግነት እስኪያገኝ በመዝገቡ አይገባም። እንዲህ ያለ ወንድም 600 ፓውንድ ይዞ ቢመጣ «ግማሹን በእገሌ ስም አድርገው» ማለት ማታለል ነው። እስከ 500 መስጠት ግን ይችላል። ወረቀት ቢያድል፣ ለእናቶች ቢያስተረጉም ደግሞ የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት በወጪ አይቆጠርም። ወረቀት ያልያዘው ወንድማችን ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም።

ሦስተኛው የመስጂዱ ሳጥን ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ መስጂድ ስለ መብትና ስለ ፖሊሲ መናገር ይፈቀድለታል፤ ፓርቲን ወይም ዕጩን መደገፍ ግን አይፈቀድለትም። የጁሙዓ ሰደቃ ለዕጩ ፖስተር ቢውል ሕግ ይጣሳል፤ ለመስጂዱ ነይቶ የሰጠው ሰው አማናም ይበላል።

ስለዚህ የቅስቀሳው ሒሳብ ለብቻው ይከፈት። ገንዘቡን ሁለት ሰው ይቁጠረው። የሰጪው ስምና አድራሻ ይጻፍ። በበራሪ ወረቀቱም ላይ የአሳታሚውና የአታሚው ስምና አድራሻ ይታተም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ብድርን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም አዞናል። የሁለት ሰዎች ብድር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት፣ የጀማዓ ገንዘብ ምን ያህል ይገባዋል! ሰላማዊ ትግላችንን ማጠልሸት ለሚፈልግ ሰው ምንጩ ያልታወቀ አንድ ገንዘብ ይበቃዋል። ያንን በር በመዝገባችን እንዝጋው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።