ጓሮ የቤት ጎተራ ነው
(በምስረታ በዓሉ ላይ ከዩኒየኑ አባላት በአንዱ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጓሮ እርሻ የሌሎች አገሮችን ልምድ በአጭሩ እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ።

በሜክሲኮ፣ በዋና ከተማዋ ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው ሶቺሚልኮ፣ ገበሬው የሚያርሰው ውሃ መሀል ነው። ከሐይቁ ሥር ጭቃ እያወጡ ከሸምበቆና ከሣር ጋር በመደራረብ ጠባብና ረጅም መደብ ይሠራሉ፤ ዳርቻው እንዳይናድም ዛፍ ይተክሉበታል። ከቦዩ የሚዛቀው ጭቃ ማዳበሪያም የችግኝ ማፍያም ነው። ዘዴው ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ሲሆን እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

በኩባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያና ነዳጅ እጅግ ቀነሰ። የሃቫና ነዋሪዎች በከተማው ባዶ ቦታዎች ዙሪያውን የተገነባ መደብ እየሠሩ፣ አፈርና ብስባሽ እየሞሉ ጎመንና ሰላጣ አመረቱ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የታንዛኒያው ነው። በኪሊማንጃሮ ተራራ ተዳፋት የሚኖሩት የቻጋ ገበሬዎች ጓሮ እንደ ፎቅ ቤት ነው። ከላይ የጥላ ዛፍ፣ ከሥሩ ሙዝ፣ ከሙዙ ሥር ቡና፣ መሬቱ ላይ ጎደሬና አትክልት። ውሃውን ከተራራው ወንዞች በቦይ ይጠልፋሉ፤ ከብቱ ታስሮ ይቀለባል፣ ፍጉ ወደ ሙዙ ይመለሳል። እንደ እኛው ቡናቸውን በማኅበር ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ የኪሊማንጃሮ ዩኒየን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ቀርቶ ዋጋ ሲወድቅ ብዙዎች ቡናቸውን ችላ አሉ፤ አንዳንዱም ነቀለ። ሙዙ ግን ቤተሰቡን መመገቡን አላቋረጠም።

ይህ አያያዝ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አዋህዶ ያቆየው መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይሁንና የአንድ ሰብል ዋጋ ሲወደድ እንሰቱን ነቅለን፣ የጥላ ዛፉን ቆርጠን፣ ጓሮውን በሙሉ ለዚያ ሰብል የምንሰጥ ጥቂት አይደለንም። እኔም ከዚህ ስህተት ነፃ አይደለሁም። ግማሹን እንሰት ነቅዬ ቡና ተከልኩ፤ ቡናው ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ቆጮ ከገበያ እየገዛሁ ልጆቼን አበላሁ። ባለቤቴ «ጎተራችንን በገዛ እጅህ አፈረስከው» ያለችኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ስለዚህ ዩኒየናችን ቡናችንን በተሻለ ዋጋ ይሽጥልን፤ እኛም ከቤታችን ጀርባ ያለውን እንሰት አንንቀል። የሥራ ኃላፊዎችም የቡና ችግኝ ስታከፋፍሉ የእንሰትና የጥላ ዛፍ ችግኝ አብራችሁ እንድታስቡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።