አዲስ ክልል እንዴት ይወለዳል
በሐዋሳ ከተማ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ልጆቻችን የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች በቃላቸው ያጠናሉ፤ አንቀጽ 47 ምን ይላል ቢሏቸውም ፈጥነው ይመልሳሉ። ነገር ግን ሁለት ወገን ሳይስማማ ሲቀር የመወሰን ሥልጣን የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ጥቂት ነው። የዜግነት ትምህርት ዋናው ነገር ግን ይህ ጥያቄ ነውና ምሳሌውን ከቆምንባት ከተማ እወስዳለሁ።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ብሎ ጠየቀ። ሕገ መንግሥቱም ጥያቄው የደረሰው የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል ይላል። ዓመቱ አለፈ፤ ድምፁ ግን አልተሰጠም። ከፊሉ ቀኑ አልፏልና እኛው እናውጅ አለ፤ መንግሥት ደግሞ ጠብቁ አለ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በዚህችው ከተማና በሌሎችም የሲዳማ ከተሞች የሰው ደም ፈሰሰ። ያየነው ነገር ነውና አላስረዝመውም።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው ተደረገ። ፊደል ያልቈጠረው እንዲለይበት በወረቀቱ ላይ ሻፌታና ጎጆ ተሥሎ ነበር። ከመቶው ከ98 እጅ የሚበልጠው ክልል መሆንን መረጠ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ሥልጣኑን ተረክቦ 10ኛው ክልል ሆነ።

አሜሪካኖችም ይህን የመሰለ ነገር ደርሶባቸዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1787 ዓ.ም. የተጻፈው ሕገ መንግሥታቸው፥ ከአንድ ስቴት ውስጥ ሌላ ስቴት ሊወጣ ሲሻ የእናቲቱ ስቴት ምክር ቤትና ኮንግሬሱ ይፍቀዱ ይላል። ሜይን ሕዝቡ ከአንድ ጊዜ በላይ ድምፅ ከሰጠ በኋላ፥ ማሳቹሴትስ ፈቅዳለት በ1820 በሰላም ተለየ። ዌስት ቨርጂኒያ ግን በ1863 በርስ በርስ ጦርነት መካከል ተወለደ። ቨርጂኒያ ከኅብረቱ ወጥታ ስለ ነበረች ፈቃዱን የሰጠው ለኅብረቱ ታማኝ ሆኖ የቀረው ወገን ያቋቋመው ምክር ቤት ነው፤ ይህስ እውነተኛ ፈቃድ ነው ወይ እያሉ የሕግ ዐዋቆች ተከራክረውበታል።

በሕግ ትርጕም ሲለያዩ እነሱ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ሥልጣን በ1803 በፍርድ አጽንቷል። ከኛ ዘንድ ግን ተርጓሚው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለጠያቂው ሕዝብ ድምፅ የመስጠትን መብት በማስፈሩ የኛው ሕግ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ዓመቱ ሳይፈጸም ቢያልፍ ምን እንደሚደረግ አንቀጹ አይናገርም። ደሙ የፈሰሰው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ሁለቱን ታሪክ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ሽማግሎችንም ወደ ክፍል ጥሩ። በሲዳማ ሶንጎ «አፊኒ»፥ ይኸውም ሰማችሁ ወይ፥ ሳይባል ነገር አይቈረጥምና ልጆቹ ይህን ከባለቤቶቹ አፍ ይስሙ። ከዚያም፥ «በሐምሌ 2011 ዓ.ም. እናንተ ብትሆኑ አቤቱታችሁን ለማን ታቀርቡ ነበር? እስኪመለስላችሁስ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው።