ጋኔን የተባለው ሁሉ ጋኔን ነውን?



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ጋኔን ነው። ሃይማኖትን ለመንካት ብለን አይደለም፤ ለበሽታ ሁሉ የጋኔን ስም የምንሰጥበት ልማድ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚያስከፍለን ለመመርመር ነው እንጂ።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ባቢሎናውያን ሕመምን ከአጋንንት ጋር እያያያዙ በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈዋል። እኛ ሕፃናትን ትገድላለች የምንላት ውርዝልያ በግሪኮች ዘንድ ጌሎ፣ በአይሁድ ዘንድ ሊሊት የሚሏት አምሳያ አላት። ስለ ዛርም ሲነገር፣ ሔዋን ከ30 ልጆችዋ መልከ መልካሞቹን 15ቱን ከፈጣሪ ስለ ሸሸገች እነዚያ ተሰውረው ቀሩ ይባላል። ሰዎች ይህን የተናገሩት ሐዘናቸውን የሚያስረዱበት ሌላ መንገድ ሳይኖራቸው ነው። ስለዚህ አባቶቻችንን ልንሥቅባቸው አይገባንም።

አሁን ግን መንገዱ ተገኝቷል። በተወለደ በሳምንቱ ገደማ ጡት መያዝ አቅቶት ገላው የሚገተረውን ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚገድለው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ተሕዋሱም የሚገባው እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ ነው። ኪታሳቶ የተባለው ጃፓናዊ በ1889 እ.ኤ.አ. ተሕዋሱን ለይቶ አወጣው። ዛሬ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ብትከተብ ልጅዋ ይጠበቃል።

የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ በሂፖክራጥስ ስም የተጻፈው መጽሐፍ ሕመሙ ከአንጎል የሚነሣ መሆኑን አስተምሯል። ፌኖባርቢታል የተባለው ኪኒንም ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ሕሙማን ጠቅሟል።

«ክብሪት ስናጨስበት ለቀቀው፤ በዓይናችን አይተናል» የሚሉ አሉ። ማየታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያልፋል። ክብሪት ያጨሰውም ምንም ያላደረገውም እኩል ያዩታል።

ጉዳቱ የት ነው? በየዳ ከራስ ደጀን ሥር ያለች ብርዳም አገር ናት፤ በየቤቱ እሳት ይነድዳል። ሕመምተኛው ምድጃ ላይ ሲወድቅ፣ አረፋው ይተላለፋል ብሎ የሚፈራ ሰው ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። የሚያቃጥለው እሳቱ ነው፤ በእሳቱ ላይ የሚያቆየው ግን ፍርሃታችን ነው። አረፋው ምራቅ ነው፤ ሕመሙን አያስተላልፍም።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፣ የወደቀውን ከእሳት እናርቀው፤ በጎኑ እናስተኛው፤ በአፉ ምንም አንክተት፤ በኋላም ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ጸሎት የሚያደርግ ይጸልይ፤ ጠበልም የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ነገር ግን ኪኒኑን አያቋርጥ። ወንጌል የሚያመሰግነው የቆሰለውን አይቶ ያለፈውን ሳይሆን ያነሣውን ሳምራዊ ነውና።