እመጣለሁ ወይስ አልመጣም?

ከጀርመን ከተሞች ወደዚህ ዝግጅት ከሚደርሱ ጥያቄዎች አንዱ መልኩን እየቀያየረ ይመለሳል። አንዷን የሥራ ባልደረባዋ ለልደቷ ጠርታታለች። ሌላውን የፎቅ ጎረቤቱ ለእሑድ ቡና ብሎታል። የሌላዋ ልጅ ደግሞ ከመዋለ ሕፃናት የጥሪ ወረቀት ይዞ መጥቷል። ሁሉም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ በጨዋ ጀርመንኛ የተጻፈ መልስ። የሚያሳዝነው ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በድግሱ ዋዜማ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠሪዋ ስልኳን እያየች ትጠብቃለች።

ምክንያቱን ለአማርኛ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ነው። ፊት ለፊት «አልመጣም» ማለት ስለሚከብድ «እግዜር ካለ» ይባላል፤ «እንደ ምንም ብዬ ብቅ እላለሁ» ይባላል። አገር ቤት ይህ ማንንም አያስቀይምም። ድንኳን ከተጣለና ወጡ በትልቅ ድስት ከተሠራ፣ አምስት ሰው ቢጨምር ወይም ቢቀር ማዕዱ ያው ነው። ጀርመናዊቷ ግን ስምንት ሰው ስትጠራ ስምንት ወንበር ታዘጋጃለች፤ ምግቡንም በዚያው ልክ ትሠራለች። ዘጠነኛው ሳይነገራት ሲመጣ ትደነግጣለች፤ ስምንተኛው ሳይነግራት ሲቀር ታዝናለች። እሷ ዘንድ «እሞክራለሁ» ያለ ሰው ገና አልመለሰም። ጨዋ መልስ ቁርጡ የታወቀ መልስ ነው።

ጀርመኖች ስለ ጨዋነት ሲነሳ አዶልፍ ክኒገ የተባለ ባላባት ስም ይጠራሉ። ከሰዎች ጋር ስለመኗኗር የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሹካና የቢላዋ መመሪያ አድርጎ ያስበዋል፤ ሲነበብ ግን የሚያወራው ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚከባበር ነው። እዚያ ውስጥ ደራሲው አጥብቆ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ በትንሹም ጉዳይ ቢሆን ቃልን መጠበቅ ነው። «እመጣለሁ» ማለትም ቃል መስጠት ነው፤ ጠሪዋ ወንበር የምታስቀምጠው ያንን አምና ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። መቀበል ቀላል ነው፦ «ፊለን ዳንክ ፊውር ዲ አይንላዱንግ። ኢሽ ኮመ ገርን።» ስለ ጥሪው ተመስግኖ፣ ደስ ብሎኝ እመጣለሁ ተብሎ ያልቃል። ከዚያ «ካን ኢሽ ኤትቫስ ሚትብሪንገን?» ብሎ ምን ይዤ ልምጣ ማለት ያስወድዳል። ሰላጣ ካለች ሰላጣ ይወሰዳል።

እንቢታው ላይ ነው ብዙው ሰው የሚደናገረው። ቅደም ተከተሉ ምስጋና፣ ቁርጡ፣ አጭር ምክንያት፣ መልካም ምኞት ነው። «ፊለን ዳንክ ፊውር ዲ አይንላዱንግ። ላይደር ካን ኢሽ ኒሽት ኮመን፣ ቫይል ኢሽ አርባይተን ሙስ። ኢሽ ቪውንሸ ዲር አይን ሾነስ ፌስት!» «ላይደር» የምትለው ቃል ማዘኑን ትናገራለች፤ እንቢታው ያለ እሷ ይደርቃል። ምክንያት የምታስከትለው «ቫይል» ከመጣች ደግሞ የተረባው ግስ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። ተማሪዎች እዚህ ላይ እንግሊዝኛውን እየተከተሉ ይስታሉ፤ ቢያስቡት ግን አማርኛውም «መሥራት ስላለብኝ» ብሎ ግዴታውን ከሥራው በኋላ ነው የሚያመጣው። የገዛ ቋንቋቸው እየረዳቸው ሩቅ መሄዳቸው ያስቆጫል።

ምክንያቱ አጭር ይሁን። ደህና የዋለን ልጅ ታመመ ማለት፣ የሌለ ለቅሶ መፍጠር ነውር ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። «ኢሽ ሃበ ሾን ኤትቫስ ፎር» ማለት አስቀድሞ የተያዘ ጉዳይ አለኝ ማለት ነው፤ ጨዋ ጀርመናዊት ምን እንደሆነ አትጠይቅም። «ሻደ»፣ ያሳዝናል ብላ፣ ለሌላ ጊዜ ብላ ትተወዋለች። «በሞቴ» የለም፣ ሁለተኛ ልመና የለም። አንዳንዱ አድማጭ በዚህ ቅር ይሰኛል፤ ከልቧ አልጠራችኝም ይላል። ከልቧ ነው የጠራችው፤ የተነገራትንም ከልቧ አምናለች። ገበታ ላይም እንዲሁ ነው፤ ለይሉኝታ «በቃኝ» ያለ እንግዳ ሳህኑ ይነሳለታል፤ ተርቦም ወደ ቤቱ ይመለሳል። የተባለው ነገር እንደተባለ ይወሰዳል፤ ስለዚህ መልስ ሲጻፍ የታሰበው ይጻፍ።

አጠራሩ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ለጓደኛ «ሊበ» ወይም «ሊበር» ከስም ጋር፣ መዝጊያውም «ሊበ ግሪውሰ»። ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለማያውቁት ሰው «ዜር ጌኤርተ ፍራው» ወይም «ዜር ጌኤርተር ሄር» ተብሎ የቤተሰብ ስሙ ይከተላል፤ በ«ሚት ፍሮይንድሊሸን ግሪውሰን» ይዘጋል። አበሻ የሚጠራው በራሱ ስም ስለሆነ ሐኪሟንም በመጀመሪያ ስሟ የሚጽፍላት ብዙ ነው። ይህ እዚያ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ከሰላምታው በኋላ ነጠላ ሰረዝ ይደረግና ቀጣዩ መስመር በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ከመዝጊያው በኋላ ግን ነጠላ ሰረዝ የለም።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ሆነው ለጀርመንኛ ፈተና ለሚዘጋጁም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጀርመን ወዳለ የትዳር ጓደኛ የሚሄድ ሰው፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልነኩት በቀር፣ የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ ማወቁን ማሳየት አለበት። ለዚህ በሚወሰደው የጎተ ተቋም የኤ 1 ፈተና የጽሑፉ ክፍል 20 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቅጽ ይሞላል፣ ወደ 30 ቃላት የሚሆን አጭር መልእክትም ይጻፋል። መልእክቱ ላይ ሦስት ነጥቦች ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር። ያማረ ሰላምታ ጽፎ አንዱን ነጥብ የዘለለ ተፈታኝ ማርክ ይጎድልበታል። እዚያም ቢሆን የሚፈለገው ለተጠየቀው ቁርጥ ያለ መልስ ነው።

ሰዓቱ እየተጣበበ ስለሆነ ቀሪው ቶሎ ቶሎ ይነገር። ካርዱ ግርጌ «ኡ. ኣ. ቬ. ጌ.» የሚሉ አራት ፊደላት ካሉ መልስ ይጠበቃል ማለት ነው፤ አጠገቡ የተጻፈው ቀን መጨረሻው ነው። «ሃልብ አኽት» ሲባል ለስምንት ግማሽ የቀረው፣ 19:30 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ስምንት ተኩል መስሎት የሚሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ያረፍዳል። ካርዱ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው፣ ወንድምም ቢሆን፣ ሳይጠየቅ አይወሰድም። ለልጆች ልደት መውሰጃ ሰዓቱም ይጻፋል፤ በሰዓቱ መገኘት ግድ ነው። ልደት ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ «እንኳን አደረሰህ» አይባልም፤ ብዙ ጀርመኖች ገደቢስ ነው ይላሉ።

ጾም ላይ ያለ ሰው መልሱ ውስጥ ያሳውቅ። «ኢሽ ፋስተ ገራደ ኡንት ኤሰ ቬጋን» የምትለው አንዲት መስመር ሥጋና ቅቤ የለበትም የሚለውን ሁሉ ትናገራለች። የአሳማ ሥጋ የማይበላውም እንዲሁ። ምግቡ ቀርቦ ሳህን ከመግፋት አስቀድሞ መናገር ለጠሪዋ መራራት ነው።

ቀኑ ያለፈባቸውስ? እነሱም ዛሬ ማታ ይጻፉ። «ኤንትሹልዲጉንግ፣ ዳስ ኢሽ ኤርስት የጽት አንትቮርተ» ብሎ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠይቆ፣ ድግሱ እንዴት እንደነበር መጠየቅ ነው። የተሻለው ደግሞ ቡና መጥራት ነው፤ «ኢሽ ላደ ዲሽ ጹም ካፌ አይን» ተብሎ ቀኑ፣ ሰዓቱና አድራሻው ይከተላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ረዘም እንደሚል ጀርመናዊቷ ስለማታውቅ፣ ሌላ ቀጠሮ እንዳትይዝ ከ15 ሰዓት እስከ 18 ሰዓት ተብሎ ይጻፍላት።