ከጧቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፦ የሕፃናት ጥበቃ ተመን ፍትሐዊ ይሁን

ለከተማ ነዋሪ መራጮች የቀረበ የፓርቲያችን ንግግር

በዚህ መድረክ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ፍትሕ ስንናገር ሰንብተናል። ዛሬ የምናነሣው ግን የሁለት ሰዓት ጉዳይ ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ልጆቻችን የት ናቸው? ማን ይጠብቃቸዋል? ለሚጠብቃቸውስ ምን ይከፈላል?

ነገሩን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነሥታ መሐል ከተማ የምትሠራ እናት ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አለባት። የትምህርት ቤቱ በር ግን የሚከፈተው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጧት ፈረቃ የምትገባው እናትም ችግሯ ያው ነው። በዚህ መሐል የ5 ዓመቱ ሕፃን ለ9 ዓመት እኅቱ ይተዋል፤ ወይም በሩ ይቆለፍበታል፤ ወይም ጎረቤት ትቀበለዋለች።

ያቺ ጎረቤት ማን ናት? ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ እማማ ናቸው፤ አለዚያ ሥራ ያጣች ወጣት ወይም የራሷን ልጅ የምታሳድግ እናት ናት። ፊት ታጥባለች፣ ሻይና ዳቦ ታቀርባለች፣ ደብተር በቦርሳ ትከትታለች፣ አስፋልት ታሻግራለች። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። ክፍያው ግን አንዳንዴ ጥቂት ብር፣ አንዳንዴ “እግዜር ይስጥልኝ” ብቻ ነው። እናቲቱ ብትከፍል ደመወዟ አይበቃም፤ ጠባቂዋ ባትቀበል ማዕዷ ባዶ ነው። ሁለት ድሆች እርስ በርስ እንዲደራደሩ ተትተዋል።

ወገኖቻችን፣

ሕጉ ምን ይላል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የወሊድ ፈቃድን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አድርጓል። እነዚህ መልካም ድንጋጌዎች ናቸው። ነገር ግን የታሰቡት ለጨቅላው ነው። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ጧት ጧት የት እንደሚቆይ አይናገሩም። ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምትጠብቀዋም ብትሆን አዋጁ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለተወው ጥላ አላገኘችም።

እስቲ አብረን እናስላ። ቁጥሩን የወሰድነው ለምሳሌ ያህል ነው። አንዲት ጠባቂ 4 ልጆች ትቀበላለች እንበል። በቀን 2 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን፣ በድምሩ 44 ሰዓት ትሠራለች። እያንዳንዱ ወላጅ 500 ብር ቢከፍል 2000 ብር ይሆናል። ለዳቦ፣ ለሻይ፣ ለሳሙናና ለመብራት 600 ብር ብታወጣ 1400 ብር ይቀራታል፤ በሰዓት ወደ 32 ብር ማለት ነው። አሁን አንድ ልጅ ቀረ። ገቢዋ 1500 ብር ሆነ፤ ወጪዋም ወደ 450 ብር ወረደ። የቀራት 1050 ብር ለ44 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 24 ብር አይሞላም። የምትነሣበት ሰዓት ግን አልተለወጠም፤ ድካሟም አልቀነሰም።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር እንማራለን። ተመን በልጅ ቁጥር ብቻ ከታሰረ ጠባቂዋ ለመኖር ስትል 8 ወይም 10 ልጆች በአንድ ጠባብ ክፍል ታጉራለች። ያን ጊዜ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ ተመኑ መነሣት ያለበት ከሰዓቷ ነው።

“ተመን አውጡ” ስንል ግን በደርግ ዘመን ያየነውን አንመኝም። ያኔ ዋጋ በትእዛዝ ተቆረጠ፤ ዕቃው ከሱቅ ጠፋ፤ ሕዝቡም በቀበሌ ሱቅ ተሰለፈ። ለወላጅ ጣሪያ ብቻ አውጥቶ ጠባቂዋን መርሳት ጠባቂዋን ማጥፋት ነው። የእኛ ሐሳብ ለጠባቂዋ ወለል፣ ለወላጅ ጣሪያ፣ በመሐል ያለውን ልዩነት ደግሞ የከተማው አስተዳደር እንዲሸፍን ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

1ኛ. የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በር ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ ቁርስንም ይጨምራል። ይህን በጎ ሥራ እናደንቃለን፤ ማን ጀመረው ብለን አናፈርሰውም። ለቁርሱ ሲባል ወጥ ቤቱ በጧት የሚነድ ከሆነ አንድ መማሪያ ክፍል አብሮ ቢከፈት፣ ሁለት ጠባቂዎች ቢመደቡ ምን ይከብዳል?

2ኛ. የጠባቂ ክፍያ በሰዓት ይተመናል። ተመኑን የወላጆች፣ የጠባቂዎችና የአስተዳደሩ ተወካዮች በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱን እያዩ ይወስናሉ። ውሳኔው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

3ኛ. ወላጅ የሚከፍለው በወር ለተያዘለት ቦታ ነው። ልጁ አንድ ቀን በጉንፋን ስለቀረ ከጠባቂዋ ክፍያ አይቆረጥም። ለሁለተኛ ልጅ ግማሽ ይከፈላል፤ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ቤተሰብ አይከፍልም። ለዚህ የፓርቲ አባልነት አይጠየቅም፤ የካድሬ የድጋፍ ደብዳቤም አያስፈልግም።

4ኛ. በሰፈር ልጅ የሚጠብቁ እናቶች ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ያገኛሉ፤ የሚቀበሉት የልጅ ቁጥርም ይወሰናል። ምዝገባው ጥበቃ እንጂ የግብር ወጥመድ አይሆንም።

“ገንዘቡ ከየት ይመጣል?” ብላችሁ ብትጠይቁን ትክክል ናችሁ። ሕንፃው ተሠርቷል፤ ወንበሩም አለ። አዲስ ወጪ የሚሆነው የሰው ደመወዝ ነው፤ ከዚያም ከፊሉን ወላጆች ይከፍላሉ። ለሁሉም በነጻ እናደርጋለን ብለን አንዋሻችሁም። ቃል የምንገባው ማንም እናት በክፍያ ምክንያት ልጇን ቆልፋ እንዳትወጣ፣ ማንም ጠባቂ በምርቃት ብቻ እንዳትሸኝ ነው።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ልማት ሲባል መንገድና ሕንፃ ብቻ ይቆጠራል። ያንን ሕንፃ የምትጠርገው፣ በፋብሪካው የምትሰፋው፣ በሆስፒታሉ ሌሊት የምታድረው እናት ልጇን ለማን ትታ እንደመጣች ግን የሚጠይቅ የለም። እኛ እንጠይቃለን። እናንተም በየሰፈራችሁ ለምረጡኝ ባይ ሁሉ፣ ለእኛም ጭምር፣ ይህን ጥያቄ አቅርቡ፦ “ከጧቱ 12 ሰዓት ልጄን ማን ይቀበለኛል? በስንት?”

መልስ ያለውን ምረጡ።